እናቲቱ ደህና ናት፤ ልጇስ?

ውድ የዚህ ዓምድ ተከታታዮች፣ በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው ጉዳይ ሲሰሙት ከቤታችን የራቀ ሊመስል ይችላል። ይኸውም ከኢንዱስትሪ የሚወጡና ቶሎ የማይጠፉ በካይ ኬሚካሎች በቤተ ሙከራ እንስሳት አካል ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ነው። «እኛ የዕለት ኑሯችን ከብዶናል፤ ደግሞ ስለ ፈረንጅ አይጥ ምን አገባን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም አጭር ነው። እነዚያ አይጦችና ጦጣዎች ባለፉት ስልሳ ዓመታት ለሰው ልጅ ከነገሩት ነገር ዋነኛው የሚመለከተው እናትንና ልጅን ነው። የእናትና የልጅ ጉዳይ ደግሞ የዚህ ዓምድ የዘወትር ጉዳይ ነው።

ከጭልሞ የሚነሣው ውኃ

ነገሩን ከቅርብ እንጀምር። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የተጓዘ ሰው ጊንጪን ያውቃታል። ከጊንጪ ከተማ በስተ ሰሜን የሚገኘው የጭልሞ ደን በማዕከላዊው ደጋ ከተረፉልን ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው፤ ጥዱም፣ ዝግባውም፣ ወይራውም እዚያ አለ። ከዚህ ደንና ከአካባቢው ተራሮች የሚወርዱት ምንጮችና ጅረቶች ተሰባስበው የአዋሽን ራስ ይፈጥራሉ። የጭልሞ እናት ከምንጩ የምትቀዳው ውኃና በአፋር ምድር የሚኖረው ከብት አርቢ ግመሉን የሚያጠጣው ውኃ በአንድ ወንዝ የተያያዘ ነው ማለት ይቻላል።

አዋሽ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ጠባይ አለው። ባሕር አይገባም፤ መጨረሻው በአፋር የሚገኘው የአቤ ሐይቅ ነው። በመንገዱ የአዲስ አበባን ፋብሪካዎችና መንደሮች ቆሻሻ የተሸከመውን የአቃቂን ውኃ ይቀበላል፤ ቆቃ ግድብ ገብቶ ያርፋል፤ የወንጂንና የመተሐራን የሸንኮራ አገዳ ካጠጣ በኋላ ወደ አፋር የጥጥ እርሻዎች ይወርዳል። ባሕር የማይደርስ ወንዝ የጫነውን ከአገር አያወጣም። የጫኑበትን ሁሉ እዚሁ በሐይቁ፣ በደለሉ፣ በሣሩና በዓሣው ውስጥ ያኖረዋል። የጫኑበት ነገር ቶሎ የሚበሰብስ ከሆነ ጊዜ ያጠራዋል። የማይበሰብስ ከሆነስ? የዛሬው ርእሳችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ኬሚካሎች የትኞቹ ናቸው?

በዚህ ወገን የሚመደቡት ብዙ ቢሆኑም ሦስቱን ማወቅ ለጊዜው ይበቃናል።

የመጀመሪያው ፒሲቢ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ በፋብሪካ የተመረተ ዘይት መሰል ኬሚካል ሲሆን፣ በቀላሉ ስለማይቃጠል በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመሮች ውስጥ ይሞላ ነበር። አሜሪካ ምርቱን እ.ኤ.አ. በ1979 ከልክላለች። ሆኖም ቀድሞ የተሠሩት አሮጌ ትራንስፎርመሮች በየአገሩ ተበትነው ቀርተዋል።

ሁለተኛው ዳዮክሲን ነው። ይህን ማንም አስቦ አላመረተውም። ክሎሪን ያለባቸው ነገሮች፣ ለምሳሌ የተወሰኑ የፕላስቲክ ዓይነቶችና ፕላስቲክ የለበሱ የኤሌክትሪክ ገመዶች፣ በአግባቡ ሳይሆን በሜዳ ላይ ሲቃጠሉ በጭሱና በአመዱ ውስጥ የሚፈጠር መርዝ ነው።

ሦስተኛው ሁላችንም የምናውቀው ዲዲቲ ነው። በአገራችን ለአሥርተ ዓመታት ወባን ለመከላከል በየቤቱ ግድግዳ ሲረጭ የኖረ ሲሆን፣ ትንኟ ስለተላመደችው እ.ኤ.አ. በ2009 ገደማ በሌላ መድኃኒት እንዲተካ ተደርጓል። የወባ መከላከያ ሆኖ ብዙ ነፍስ ማትረፉ አይካድም። ጉዳቱ በይበልጥ የከፋው ከዚህ ዓላማ ውጪ ወደ እርሻና ወደ ጎተራ ሲገባ ነው።

የሦስቱ የጋራ ጠባይ ምንድን ነው? ውኃ አያሟሟቸውም፤ ስብ ግን ያሟሟቸዋል። ሰው ጨው ቢያበዛ ትርፉ በሽንት ይወጣል። እነዚህ ግን በሽንት መውጣት ስለማይሆንላቸው ሰውነት ስብ ውስጥ ይከታቸዋል። ጉበት ሊሰባብራቸው ይታገላል፤ ክሎሪን የተሰካበትን አካላቸውን መስበር ግን እጅግ ይከብደዋል። ስለዚህ ዛሬ የገባው ትናንት በገባው ላይ ይደረባል። ከዳዮክሲኖች ሁሉ የከፋው ዓይነት ወደ አይጥ አካል ከገባ በኋላ ግማሹ ለመውጣት ሦስት ሳምንት ገደማ ሲፈጅበት፣ በሰው ግን ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ቁም ነገር አለ። በአንዲት የ25 ዓመት ሴት አካል ውስጥ የሚገኘው መጠን ትናንት የበላችው ሳይሆን ከልጅነቷ ጀምሮ ያጠራቀመችው ነው።

መርዙ የሚደራረበው በአንድ ሰው አካል ውስጥ ብቻ አይደለም። ትንሹን ትልቁ በበላው ቁጥር የበላተኛው ስብ የተበዩዎቹን ሁሉ ድርሻ ይሰበስባል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት በቆቃ ሐይቅ አራት የዓሣ ዓይነቶችን መርምሮ ከእነዚህ ኬሚካሎች ጎልቶ የወጣው ዲዲቲና ከእርሱ የሚገኙት ዝርያዎች መሆናቸውን አሳይቷል። መጠኑን የወሰኑትም ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የዓሣው የስብ ብዛት ሲሆን ሁለተኛው ምን በልቶ የሚያድር መሆኑ ነው።

የቤተ ሙከራ እንስሳት ምን አሳዩ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

ሀ. ገዳዩ መጠን ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል። ዳዮክሲን በትናንሽ እንስሳት ላይ ሲሞከር ጊኒ ፒግ የተባለችውን እንስሳ ለመግደል በአንድ ኪሎ ክብደቷ አንድ ማይክሮግራም ገደማ፣ ማለትም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ በቂ ሆኖ ተገኘ። ሐምስተር የተባለውን ዘመዷን ለመግደል ግን ከሺህ እጥፍ በላይ አስፈለገ። የሚገርመው አሟሟታቸው ነው። የተመረዘው እንስሳ በዕለቱ አይሞትም። ምግብ ይቀንሳል፤ ከሳምንት ሳምንት እየከሳ ይሄዳል፤ በሽታ ለመከላከል የሚያገለግለው ታይመስ የተባለው ዕጢው ይሟሽሻል። በነፍሰ ጡር ዓይጠ መጎጦች ላይ ሲሞከር ደግሞ እናትየዋን በማይገድል መጠን ልጆቿ ላንቃቸው ተሰንጥቆ ተወለዱ።

ለ. ጦጣዎቹ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሬሰስ የሚባሉትን ጦጣዎች በኪሎ ምግብ 2.5 ወይም 5 ሚሊግራም ፒሲቢ እየቀላቀሉ መገቧቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ የሴቶቹ ፀጉር ረገፈ፤ ፊታቸው ላይ ብጉር ወጣ፤ የዓይናቸው ቆብ አበጠ፤ የወር አበባቸው ተዛባ። አንዳንዶቹ መፀነስ አቃታቸው፤ አንዳንዶቹም አስወረዳቸው። የተወለዱት ሕፃናት ከልክ በታች ትናንሾች ነበሩ። ጡት በጠቡ ቁጥር የእናታቸው ምልክት በእነርሱም ላይ ይታይ ጀመር፤ ጥቂቶቹም ሞቱ። ተመራማሪዎቹ በዚህ አላበቁም። እናቶቹን ወደ ንጹሕ ምግብ መለሱና ከዓመት በላይ ጠበቁ። የእናቶቹ መልክ ተመለሰ፤ ጤነኛ መሰሉ። ሆኖም ከዚያ በኋላ በወለዷቸው ልጆች ላይ እንኳ ጉዳቱ ይታይ ነበር። ምግቡ ቢቀየርም ስብ ውስጥ የተቀመጠው ገና አልወጣም ነበርና።

ሐ. የጡት እናት የሆኑት አይጦች። በእኛ ዘንድ የጡት እናትነት ትርጉሙ ከባድ መሆኑ ይታወቃል። ሳይንሱም ይህንኑ መንገድ ተጠቅሟል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ አይጦች ፒሲቢ ሲሰጡ ልጆቻቸው ዝቅ ያለ ድምፅ መስማት እንደሚሳናቸው ደረሱበት። እናቶቹ ደህና ነበሩ። ታዲያ ጉዳቱ የደረሰው በማህፀን ነው ወይስ በጡት? ይህን ለመለየት ልጆቹን በተወለዱ ጊዜ አለዋወጧቸው። መርዙን ከወሰደች እናት የተወለዱትን ንጹሕ እናት አጠባቻቸው፤ ከንጹሕ እናት የተወለዱትን ደግሞ መርዙን የወሰደችው አጠባቻቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው በዚህ ሙከራ የመስማት ችሎታቸው የተጎዳው በተመረዘው ወተት ያደጉት ሆነው ተገኙ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ፒሲቢ ሲገባ ጉበት እርሱን ለማስወገድ ሥራውን ያበዛል። በዚያው ግርግር አንገታችን ላይ ያለው ታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨውን ቅመም ጭምር አብሮ ይጠርጋል። ይህ ቅመም በሕፃንነት አንጎልንና የውስጥ ጆሮን የሚያሳድግ ነው። በደጋው አካባቢያችን እንቅርት ምን እንደሆነ የማያውቅ ስለሌለ የዚህን ዕጢ ጥቅም ማስረዳት አያሻንም። ተመራማሪዎቹ የጎደለውን ቅመም ለአይጥ ግልገሎቹ በመርፌ ሲተኩላቸው የመስማት ጉዳቱ በከፊል ቀነሰ። መንገዱ ይህ መሆኑም በዚህ ታወቀ።

መ. ወንዶቹ ልጆች። እ.ኤ.አ. በ1992 በዚያው በዊስኮንሲን የተደረገ ጥናት ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይጥ በእርግዝናዋ 15ኛ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ጥቂት ዳዮክሲን ሰጠ። ለእናትየዋ ምንም የሚያሳምም መጠን አልነበረም። ወንዶች ልጆቿ አድገው ለአባትነት ሲደርሱ ግን የዘራቸው ቁጥር አንሶ ተገኘ። በኋላ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሙከራውን ሲደግሙት ምን ያህል መጠን ምን ያህል እንደሚቀንስ ተለያይተዋል። በፅንስ ጊዜ የደረሰ ጉዳት ልጁ ጎልማሳ እስኪሆን ድረስ ተደብቆ ሊቆይ መቻሉ ግን በብዙ ሙከራዎች የተረጋገጠ ነው።

ሠ. ወፎቹ። በቀፎ ውስጥ የተያዙ ጭልፊት መሰል ወፎች ዲዲቲና መሰሎቹ የተቀላቀለበት ምግብ ሲመገቡ ራሳቸው በሕይወት ቆዩ፤ የእንቁላላቸው ቅርፊት ግን ሳሳ። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ይህ ሙከራ በዱር የሚኖሩ የአሞራ ዝርያዎች ለምን እየጠፉ እንደነበር ለማወቅ ረድቷል። እናቲቱ ልትታቀፈው ስትቀመጥ እንቁላሉ ከሥሯ ይሰበር ነበር።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ጦጣውንም፣ አይጡንም፣ ወፉንም አንድ ላይ ስናያቸው የሚነግሩን አንድ ነገር ነው። ይህ ዓይነቱ መርዝ የሚያጠቃው የበላውን ብቻ አይደለም። ዕዳው ወደሚቀጥለው ትውልድ ይተላለፋል። እናቲቱን አይተን «ደህና ናት» ብንል ልጇን አላየንም ማለት ነው።

«አይጥ ሌላ፣ ሰው ሌላ» ለሚሉ

እውነት ነው፣ አይጥ ሰው አይደለም። ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ሳንሸሽግ መናገር አለብን። አንደኛ፣ በቤተ ሙከራ የሚሰጠው መጠን ብዙውን ጊዜ እኛ በዕለት ምግባችን ከምናገኘው እጅግ የበዛ ነው። ሁለተኛ፣ ከጊኒ ፒግና ከሐምስተር እንዳየነው እንስሳት ራሳቸው በእጅጉ ይለያያሉ። ስለሆነም ሊቃውንቱ የአይጥን ውጤት እንዳለ ወስደው በሰው ላይ አይለጥፉም። የተለመደው አሠራር እንስሳውን ያልጎዳውን መጠን ወስዶ፣ ሰው ከእንስሳ ስለሚለይ ለ10፣ ሰውም ከሰው ስለሚለይ እንደገና ለ10 ማካፈል ነው። ለምግብና ለውኃ የሚወጡት የመርዝ ጣሪያዎች በአብዛኛው በዚህ ስሌት የተገኙ ናቸው።

ይሁን እንጂ እንስሳት የሰጡትን ማስጠንቀቂያ መናቅ ምን እንደሚያስከትል ዓለም በጃፓን አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 መጀመሪያ በምዕራብ ጃፓን ወደ 400,000 የሚጠጉ ዶሮዎች በድንገት አለቁ። ምክንያቱ ከአንድ የሩዝ ዘይት ፋብሪካ የወጣ ተረፈ ምርት በመኖአቸው ውስጥ መግባቱ ነበር። በፋብሪካው ማሞቂያ ቧንቧ ውስጥ የነበረው ፒሲቢ ሾልኮ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል። ዶሮዎቹ ሲያልቁ ወዲያው የተገታ ነገር አልነበረም፤ ከዚያው ፋብሪካ የወጣው የምግብ ዘይት በየቤቱ መብሰሉን ቀጠለ። በዚያው ዓመት ሺዎች ታመሙ። ፊታቸው በብጉር ተሸፈነ፤ የዓይናቸው ቆብ አበጠ። ጦጣዎቹ ላይ የታየው ማለት ነው። ከታመሙት እናቶች የተወለዱ አንዳንድ ሕፃናትም ቆዳቸው ጠቁሮ ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1979 በታይዋን ተመሳሳይ አደጋ ደርሶ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ተመረዙ። ከተመረዙት እናቶች የተወለዱት ልጆች ለዓመታት ሲከታተሏቸው በዕድገትም በትምህርትም ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ ቀርተው ተገኝተዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍልም ከዳዮክሲኖች የከፋውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1997፣ ፒሲቢን በ2013 በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጡ ብሎ መድቧቸዋል። ዲዲቲን ደግሞ በ2015 «ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ደረጃ ላይ አስቀምጦታል።

በአገራችንስ?

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጅማ ከተሞች የሚያጠቡ እናቶችን ወተትና የላሞችን ወተት መርምሯል። በሁለቱም ዲዲቲ ተገኝቷል። ጡት የሚጠቡት ሕፃናት በቀን ይወስዱታል ተብሎ የተገመተው መጠን የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ካስቀመጡት ጣሪያ በአማካይ ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። እነዚህ እናቶች የፋብሪካ ሠራተኞች አልነበሩም። እንደማንኛችንም ቤታቸው የተረጨላቸው፣ ከገበያ የሸመቱትን የበሉ ናቸው። ከዚህ ቀደም ብሎ በ2011 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከተለያዩ የአገራችን ክፍሎች በተሰበሰበ ጫት ላይ ዲዲቲ ተገኝቷል። ጫት ሳይበስልና ሳይላጥ በጥሬው የሚታኘክ ቅጠል መሆኑን ልብ ይሏል። በእርግዝናና በማጥባት ላይ ያሉ እህቶቻችን ከዚህ እንዲጠነቀቁ የሚያደርግ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

በመንግሥት በኩል የተሠራም ሥራ አለ። ለዓመታት በየመጋዘኑ ተከማችተው ጊዜ ካለፈባቸው ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ውስጥ ወደ 1,500 ቶን የሚሆነው እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ወደ ፊንላንድ ተጭኖ በልዩ እቶን እንዲቃጠል ተደርጓል። እነዚህን ኬሚካሎች ከዓለም ለማስወገድ እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም የተፈረመውን ስምምነት አገራችንም ተቀብላ አጽድቃለች። በስምምነቱ መሠረት ፒሲቢ ያለባቸው መሣሪያዎች እስከ 2025 ከአገልግሎት እንዲወጡ፣ ዘይታቸውም እስከ 2028 በአግባቡ እንዲወገድ ቀን ተቆርጧል። ነገር ግን ስምምነት በወረቀት ሲጻፍ የጓሮ ጭስ አብሮ አይጠፋም። እዚህ ላይ የቤተሰብ ድርሻ ይመጣል።

ታዲያ ጡት ማጥባት ይቁም?

በፍጹም! ይህን ጽሑፍ ያነበበች አንዲት እህት ደንግጣ ልጇን ጡት ብትነሳው ከምንም በላይ የምናዝንበት ይህ ነው። ምክንያቱን በሚገባ እናስረዳ።

የአይጥ ግልገል ሲወለድ ዕውር ነው፤ ጆሮውም ገና አልተከፈተም። የመስማት ኃይሉ የሚጀምረው ከተወለደ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። ስለዚህ ጆሮው የሚያድገው ጡት በሚጠባበት ጊዜ ነው። የሰው ልጅ ግን ይህን ዕድገት አብዛኛውን በማህፀን ይጨርሳል፤ ከእርግዝናው አምስተኛ ወር በኋላ የእናቱን ድምፅ መስማት ይጀምራል። ስለሆነም ለአይጥ በወተት የመጣው አደጋ ለእኛ ይበልጥ የሚያሰጋው በእርግዝና ጊዜ ነው። ከላይ እንዳልነው ደግሞ በእርግዝና ጊዜ በእናት ደም የሚዘዋወረው ከዚያ በፊት በዓመታት ውስጥ የተጠራቀመው ነው።

የእናት ጡት ወተት ሕፃኑን ከተቅማጥ፣ ከሳንባ ምችና ከረሀብ ይጠብቀዋል። በንጹሕ ባልሆነ ውኃ የተበጠበጠ የጣሳ ወተት ስንቱን ሕፃን እንደቀጠፈ የሚያውቅ ያውቃል። የዓለም የጤና ድርጅትም እነዚህ ኬሚካሎች በወተት ውስጥ መገኘታቸውን እያወቀ ሕፃናት ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲጠቡ ይመክራል። ሁለቱ ዓመታት ለእኛም እንግዳ አይደሉም።

ስለዚህ ትምህርቱ «አታጥቢ» አይደለም። ጥንቃቄው ልጅቷ እናት ከመሆኗ ከብዙ ዓመት በፊት ይጀመር ነው። ዛሬ ጓሮ የምትጫወተው የስድስት ዓመት ሴት ልጃችን የምትተነፍሰውና የምትበላው ኢንሻአላህ የነገ የልጅ ልጃችን ስንቅ ነው። የእርሷን ምግብ መጠበቅ የሁለት ትውልድ አማና ነው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

1. የኬሚካል ጀሪካን ወደ ቤት አይግባ። በጊንጪም ሆነ በአምቦ፣ በጉደርም ሆነ በሆለታ ገበያ ገበሬው ፀረ ተባዩንና ፀረ አረሙን «መድኃኒት» ይለዋል። ስሙ ራሱ ያዘናጋል። ዛሬ ከሚሸጡት ብዙዎቹ እንደ ዲዲቲ ለዘመናት የሚቆዩ ባይሆኑም ዕቃቸው ታጥቦ አይጠራም። ለውኃ፣ ለወተት፣ ለዘይትም ሆነ ለጠላፊ እህል አይዋል። ተበስቶ ከልጆች ይራቅ እንጂ አይሸጥ፤ አይቃጠልም።

2. ፕላስቲክ አናቃጥል። በተለይ ምድጃ ለማያያዝ ፌስታል መጠቀም፣ መዳቡን አውጥቶ ለቆራሌው ለመሸጥ የኤሌክትሪክ ገመድ ማቃጠል፣ የቆሻሻ ክምር በጓሮ መለኮስ ከሁሉ የከፉ ልማዶች ናቸው። ወረቀቱንና ቅጠላ ቅጠሉን ለይቶ ማዳበሪያ ማድረግ፣ ፕላስቲኩን ለሚሰበስቡት መስጠት ይሻላል።

3. ዶሮዎቻችንን ቆሻሻ ከተቃጠለበት ቦታ እናርቅ። ዶሮ አፈር እየጫረች ስለምትበላ በአመዱ ያለውን ዳዮክሲን በእንቁላሏ አስኳል ትሰበስበዋለች። እ.ኤ.አ. በ2019 በጋና አግቦግብሎሺ በተባለው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ማቃጠያ ስፍራ በተደረገ ምርመራ፣ በዚያ ከሚለቅሙ ዶሮዎች አንድ እንቁላል የበላ ጎልማሳ ለአንድ ቀን ከተፈቀደው ከ200 እጥፍ በላይ ዳዮክሲን እንደሚወስድ ተገምቷል። የእኛ ጓሮ እንደዚያ ባይሆንም መንገዱ አንድ ነው። አመዱንም ጎመን መደብ ላይ አንድፋ።

4. ከትራንስፎርመር የተቀዳ ዘይት ለምንም ነገር አይዋል። ለቁስል፣ ለቆዳ፣ ለመጥበሻም ሆነ ለምጣድ ማሰሻ አይሆንም። ርካሽ ሆኖ ቢቀርብልን እንኳ ምንጩ ያልታወቀ ዘይት አንግዛ።

5. በየጎተራውና በየአልጋው ሥር የቀረ አሮጌ ዱቄት ካለ ለቁንጫ፣ ለትኋንም ሆነ ለነቀዝ አንጠቀምበት፤ ምንጭ አጠገብም አንጣለው። በአቅራቢያችን ላለው የግብርና ባለሙያ እናስረክብ።

6. ዓሣና ሥጋ ስናበስል ጮማውን፣ ከዓሣም ቆዳውንና ጉበቱን ማስወገድ የመርዙን ድርሻ ይቀንሳል። መርዙ ማደሪያው ስብ ነውና። አትክልት ማጠብ ከላይ ያለውን አፈርና አቧራ ያስወግዳል፤ ይጠቅማል።

7. አዮዲን ያለበትን ጨው እንጠቀም። ይህ መርዙን አያወጣም። ነገር ግን ታይሮይድ ዕጢ በአዮዲን እጥረት አስቀድሞ የተዳከመባት እናት ሌላ ጫና ሲጨመርባት ልጇ በእጥፍ ይጎዳል።

እነዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። አብዛኞቹ ገንዘብ ከማውጣት ይልቅ አንድ ልማድ መተውን የሚጠይቁ ናቸው። አባወራዎችም ጉዳዩን የእናቶች ብቻ አድርገው እንዳያዩት እናሳስባለን። ጀሪካኑን ከእርሻ ይዞ የሚመጣው፣ ገመዱን የሚያቃጥለው፣ ዘይቱን የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ወንዱ ነው።

የላይኞቹና የታችኞቹ

በመጨረሻም ወደ አዋሽ እንመለስ። በጭልሞ ተራራ ሥር የሚኖሩ ወገኖቻችን የወንዙ ራስ ጠባቂዎች ናቸው። ደኑ ሲጠበቅ ምንጩ ይጠበቃል፤ በምንጩ ዳር የኬሚካል መርጫ ባይታጠብ ከታች ያለው ሁሉ ይጠቀማል። ተራራው ግን ብቻውን ንጹሕ ሆኖ ሊቀር አይችልም። እነዚህ ኬሚካሎች በሞቃት ቆላ ተንነው በነፋስ ይሄዱና በቀዝቃዛው ደጋ ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ የላይኛው ለታችኛው እንደሚጠነቀቅ ሁሉ የታችኛውም ለላይኛው መጠንቀቅ አለበት። የፋብሪካ ባለቤቶችና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ፍሳሹ ወንዝ ከመግባቱ በፊት እንዲጣራ ማድረግ የሚገባቸው ለሕግ ብለው ብቻ አይደለም። ከአቃቂ በታች ከብቱን የሚያጠጣው፣ ከቆቃ ዓሣ የሚያጠምደው፣ በአፋር ዳርቻ ልጇን የምታጠባው እናት ሐቅ ስላላቸው ነው።

እነዚያ የቤተ ሙከራ እንስሳትም የአላህ ፍጡሮች ናቸው። ብዙ ተሠቃይተው የነገሩንን ሰምተን ዝም ካልን ሥቃያቸው ከንቱ ይሆናል። አንብበን የተረዳነውን በጉርብትናም፣ በዕድርም፣ ቡና ላይም ለሌላው እናካፍል።

አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርእስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።